ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣው ፊደል

በፎገራ ሜዳ፣ በርብና በጉማራ ዳር፣ በበጋ ወራት ብዙው ውሃ ከወንዝ የሚወጣው በትንሽ ሞተር ነው። በመቂና በባቱ ዙሪያ ያለው ቲማቲምና ሽንኩርትም በዚሁ ይጠጣል። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ብዙ ጊዜ ወይ የሆንዳ ጂኤክስ160 ነው፣ ወይም የእሱን ንድፍ ተከትሎ ቻይና ውስጥ የሚሠራው 168ኤፍ። 168ኤፍ ማለት አንድ ሲሊንደር፣ 68 ሚሊሜትር የፒስተን ስፋት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ማለት ነው። የሆንዳውም ስፋት ያው 68 ነው። ክራንክሻፍቱን ከግራና ከቀኝ የተሸከሙት ሁለት ኩሽኔታዎች ናቸው፤ በጂኤክስ160 ላይ ሁለቱም 6205።

ሞተር ሲወርድ ስለ ፒስተኑ እንከራከራለን፣ ስለ ፋሻው እንማከራለን፣ ቴስታታው ይጠረብ አይጠረብ እያልን እንሟገታለን። ኩሽኔታው ላይ ስንደርስ ግን ክርክሩ ያበቃል። ልጅ ተልኮ «6205 ሁለት» ብሎ ይገዛል። ሞተሩን በሚቀጥለው ዓመት እንደገና የሚያስወርደው ብዙውን ጊዜ ይህ ምንም ጥያቄ ያልተጠየቀበት ግዢ ነው።

* * *

አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ አንድ ጠባብ የመለዋወጫ ሱቅ።

«6205 አለ?»

«አለ። ለምንድን ነው?»

«ለውሃ ሞተር።»

«ክራንክ ላይ ነው ፓምፑ ላይ? ክፍቱን ነው ጎማ ያለውን? ሲ3 ነው ተራውን?»

እንዲህ ብሎ መልሶ የሚጠይቅ ሻጭ ካገኛችሁ ደንበኛው ሁኑ፤ ዋጋው ከጎረቤቱ ትንሽ ከፍ ቢልም። ሳይጠይቅ ከመደርደሪያው አውርዶ የሚሰጣችሁ ሰው የሸጠላችሁ መጠኑን ብቻ ነው።

* * *

ቁጥሩ ምን እንደሚል ይታወቅ። ከፊት ያለው 6 ባለ አንድ ረድፍ ኳስ ኩሽኔታ መሆኑን ይናገራል። 2 የውፍረቱንና የስፋቱን ተርታ ያመለክታል። መጨረሻ ላይ ያለው 05 በአምስት ሲባዛ የውስጡን ቀዳዳ ይሰጣል፤ 25 ሚሊሜትር። ይህ ስሌት ከ04 ጀምሮ ይሠራል። ከዚያ በታች 00 አሥር፣ 01 አሥራ ሁለት፣ 02 አሥራ አምስት፣ 03 አሥራ ሰባት ሚሊሜትር ነው።

6205 እንግዲህ ውስጡ 25፣ ውጭው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው። ጃፓን ቢሠራ፣ ስዊድን ቢሠራ፣ ቻይና ቢሠራ ይኸው ነው፤ ዓለም የተስማማበት ልክ ነው። ለድሃ አገር መካኒክ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሞተሩ አምራች ወኪል ባይኖር፣ የሞተሩ ስም ከላዩ ቢፋቅ፣ ኩሽኔታው ግን ከየትም ይገኛል። ነገር ግን ቁጥሩ የጫማ ቁጥር ነው፤ እግር እንደሚገባበት ይናገራል እንጂ ለእርሻ ይሁን ለሠርግ አይናገርም።

ልኩም ቢሆን ወጥመድ አለው። 6304 የሚባለው ኩሽኔታ ውጭው 52፣ ውፍረቱ 15 ነው፤ ልክ እንደ 6205። ልዩነቱ ውስጡ ብቻ ነው፤ እሱ 20፣ ይኼ 25። 6305 ደግሞ ውስጡ 25 ሆኖ ውጭው 62 ነው። ጽሑፉ የጠፋ ኩሽኔታ ሲያጋጥም የካርተሩን ቀዳዳ ብቻ ለክቶ ወይም ዘንጉን ብቻ ለክቶ ገበያ የሚሄድ ሰው ግማሹን መረጃ ይዞ ነው የሚሄደው። ካሊፐሩ ሦስቱንም ይለካ።

* * *

አሁን ወደ ፊደሉ። ሲ3 ማለት በኳሶቹና በቀለበቶቹ መካከል ያለው ክፍተት፣ መካኒኮች ጆኮ የሚሉት፣ ከተራው ሰፋ ያለ ነው ማለት ነው። በ6205 ልክ ተራው ኩሽኔታ ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ክፍተት ይኖረዋል፤ ሲ3 ከ13 እስከ 28። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ሁለቱን በእጅ ይዞ ማንም አይለይም። ቀለበቱ ላይ የተጻፈውን ያነበበ ብቻ ይለያል። ምንም ያልተጻፈበት ተራው ነው።

ይህን ያህል ትንሽ ነገር ለምን ያስጨንቃል? ኩሽኔታው ወደ መቀመጫው የሚገባው ጠብቆ ነው። ሲጠብቅ የውጭው ቀለበት በጥቂቱ ይጨመቃል፣ ክፍተቱ ይቀንሳል። ዘንጉ ላይም ጠብቆ የሚገባ ከሆነ የውስጡ ቀለበት ይለጠጣል፣ ክፍተቱ ደግሞ ይቀንሳል። ሞተሩ ሲነሳ ዘንጉና የውስጡ ቀለበት ቀድመው ይሞቃሉ፣ ክፍተቱ ለሦስተኛ ጊዜ ይቀንሳል። 5 ማይክሮን ይዞ የጀመረ ኩሽኔታ ይህን ሁሉ የሚከፍልበት የለውም። ኳሶቹ ይታነቃሉ፣ ይግላሉ፣ ዘይቱ ከመካከል ይጠፋል። ሲ3 የተፈጠረው ለዚህ ነው።

ገበያ ላይ ግን «ሲ3 ማለት ኦሪጅናል ማለት ነው» ሲባል ይሰማል። አይደለም። ሲ3 የክፍተት ልክ ነው እንጂ የጥራት ማዕረግ አይደለም። እጅግ ርካሽ የሆነ ሲ3 አለ፣ እጅግ ውድ የሆነ ተራም አለ። «ሰፋ ካለ ይሻላል» ብሎ ሲ4 የሚያስገባም አለ። ያ ዘንጉን ከሚገባው በላይ ያንቀሳቅሰዋል፤ ሞተሩም ይንኳኳል፣ ፓራኦሊዮውም ቶሎ ይበላል።

የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ከፋብሪካ የወጣው ኩሽኔታ ገና ያልተቀየረ ከሆነ እሱ ላይ የተጻፈውን እስከ መጨረሻው ፊደል ተከተሉ። ከዚህ በፊት ተቀይሮ ከሆነ አሮጌው ምስክር አይሆንም፤ የሞተሩን የጥገና መጽሐፍ ወይም የአምራቹን የመለዋወጫ ዝርዝር ተከተሉ። ሁለቱም ከሌሉ፣ ለዚህ ዓይነት በአየር የሚቀዘቅዝ የአሉሚኒየም ሞተር ሲ3 ከተራው ይልቅ አስተማማኝ ነው።

* * *

ጎማ ያለው ኩሽኔታ ይበልጥ ንጹሕ፣ ይበልጥ የተጠበቀ ይመስላል። ሻጩም «ይኼ ግሪስ አለው፣ አቧራ አያስገባም» ይላል። ለፋን፣ ለጋሪ፣ ለጀነሬተር ጭራ እውነት ነው። ለክራንክሻፍት ግን መጥፎ ነው።

የዚህ ሞተር ኩሽኔታ የሚኖረው በሚረጭ ዘይት ነው። የዘይት ፓምፕ የለውም። ቢዬላው ሥር ያለች ትንሽ ማንኪያ መሳይ ብረት በየዙሩ ዘይት ውስጥ እየገባች ትረጫለች፤ ጉም የመሰለው ዘይት ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ሙቀትም ይዞ ይሄዳል። ጎማው ይህን መንገድ ይዘጋዋል። ውስጡ ያለው ግሪስ በሙቀት ይቀልጣል፣ በዘይት ይታጠባል። ተራው ጎማ በ100 ዲግሪ አካባቢ መድረቅ ይጀምርና ተሰባብሮ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል።

ጎማ ያለውን የሚለዩት ፊደሎች እንደ አምራቹ ይለያያሉ። ኤስኬኤፍ 2አርኤስ ብሎ ይጀምራል፣ ኤንኤስኬ ዲዲዩ ይላል፣ ኤንቲኤን ኤልኤልዩ ይላል። ዜድዜድ ደግሞ የቆርቆሮ ክዳን ነው፤ እሱም ለዚህ ቦታ አይሆንም። አንዳንድ ሞተር ላይ ፋብሪካው ራሱ አውቆ በአንድ ወገን የተዘጋ ኩሽኔታ ያስገባል፤ እዚያ የፋብሪካውን ማክበር ነው። ገበያው ላይ ክፍቱ ከጠፋ ጎማውን በጥንቃቄ አንስቶ፣ ግሪሱን በቤንዚን አጥቦ፣ በሞተር ዘይት አርሶ ማስገባት ይቻላል። ክፍተቱ ሲ3 መሆኑ ግን አስቀድሞ ይታይ፤ ጎማ በማንሳት ተራው ሲ3 አይሆንም።

* * *

ኳሶቹን አራርቆ የሚይዘው ኬጅ አንዳንዱ የብረት ቆርቆሮ ነው፣ አንዳንዱ ፕላስቲክ። ፕላስቲኩ ቀላልና ጸጥተኛ ነው፤ ጥሩ አምራቾችም ይሠሩታል፣ ኤስኬኤፍ ቲኤን9 ብሎ ይጽፍበታል። ነገር ግን 120 ዲግሪ አካባቢ ወሰኑ ነው፤ ያረጀ የጋለ ዘይትም ያደክመዋል። ዘይት በየ100 ሰዓቱ በሚቀየርበት አገር ችግር የለውም። እኛ ዘንድ ዘይቱ እስኪጠቁር፣ ከዚያም እስኪያጥር ስለሚሠራ የብረቱን እመርጣለሁ።

* * *

አንድ ጋራዥ ጠረጴዛ ላይ ከአራት ሞተር የወጡ አራት አሮጌ 6205ዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በቅርብ ማየት ከብዙ ምክር ይበልጣል።

አንደኛው የኳስ መሄጃው ላይ ቅርፊቱ ተነሥቷል፤ ጥፍር ሲገባበት ይይዛል። ይህ ዕድሜውን ጨርሶ የሞተ ነው፤ ወይም ሸክም በዝቶበት ቀድሞ ያረጀ። ሁለተኛው ቀለበቶቹ ወርቃማ፣ ቡናማ፣ አንድ ቦታ ላይ ሰማያዊ ሆነዋል። ዘይት አጥቷል። ሦስተኛው መሄጃው ላይ እኩል እኩል ተራርቀው የተቀመጡ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት፤ ርቀታቸው ልክ የኳሶቹ ርቀት ነው። ይህን የገደለው ሥራ አይደለም፤ ሲገጠም በመዶሻ ነው የተመታው፣ ምቱም በኳሶቹ በኩል አልፏል። አራተኛው ውስጡ ምንም አልሆነም፤ ውጭው ግን እንደ መስተዋት ተወልውሏል። መቀመጫው ላልቶ ቀለበቱ ሲዞር ነበር።

አራቱም ሞተሮች የመጡት «ኩሽኔታው ጮኸ» ተብለው ነው። ለአራቱም መልሱ አዲስ 6205 ብቻ ቢሆን ሦስቱ ይመለሳሉ። ሁለተኛው ዘይት የሚያጣበት ምክንያት አልተነካም፣ ሦስተኛውን የመታው እጅ አልተማረም፣ አራተኛው መቀመጫው አልተጠገነም። አሮጌውን ሳያዩ አዲሱን መምረጥ አይቻልም የምለው ለዚህ ነው።

* * *

«አባባ፣ ሞተሩን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ወንዙ አፋፍ ላይ ነዋ ልጄ፤ ሌላ የት ይሆናል?»

የዚህ ወጣት መካኒክ ጥያቄ ከፕሬስና ከካሊፐር በላይ ዋጋ አለው። የርብ አፋፍ ሜዳ አይደለም። ውሃው በጋው እየጠና ሲወርድ ሞተሩም ወደ ታች ይከተለዋል፤ አንዱ እግሩ አፈር ላይ፣ አንዱ ድንጋይ ላይ ሆኖ አጋድሎ ይሠራል። የሆንዳ መመሪያ ሞተሩ ከ20 ዲግሪ በላይ አጋድሎ እንዳይሠራ ያስጠነቅቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ዘይት ከ0.6 ሊትር አይበልጥም። ሲያጋድል ዘይቱ ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል፤ የምትረጨዋ ብረት አየር ትቀዝፋለች። የዘይት መለኪያው ሲወጣ ሙሉ ይመስላል፤ ሞተሩ ግን እየደረቀ ነው።

ለዚህ ሰው ምርጥ የተባለው ኩሽኔታ ቢገባለትም በሚቀጥለው በጋ ያው ቦታ ላይ ያው ድምፅ ይሰማል። ከኩሽኔታው ጋር አካፋ ያስፈልገዋል፤ አፋፉ ላይ ለሞተሩ የምትበቃ ደልዳላ ደረጃ ቆርጦ እዚያ ላይ ማስቀመጥ አለበት።

* * *

በደቂቃ 3600 ጊዜ የሚዞር ክራንክሻፍት በሰዓት 216,000 ጊዜ ይዞራል። አንድ ሚሊዮን ዙር ለመሙላት አምስት ሰዓት አይፈጅበትም። የአምራቾች መዝገብ ለ6205 የሚሰጠው የመሸከም አቅም 14 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው፤ ይህ ማለት በዚያ ሸክም አንድ ሚሊዮን ዙር ይሠራል ማለት እንጂ በዚያ ሸክም ይኖራል ማለት አይደለም። ሸክሙ ሲያንስ ዕድሜው በጣም ይረዝማል፣ ሲጨምር በጣም ያጥራል፤ በኳስ ኩሽኔታ ሸክሙ እጥፍ ቢሆን ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል።

ይህ ስሌት ይበልጥ የሚመለከተው ሞተሩን በቺንጊያ የሚያሠራውን ሰው ነው። ውሃ መሳቢያ ላይ ፓምፑ ዘንጉ ጫፍ ላይ በቀጥታ ስለሚገባ የጎን ስበት የለም። ወፍጮ ወይም መውቂያ ላይ ግን ቺንጊያው እንዳይንሸራተት ተብሎ ከልክ ባለፈ ጉልበት ይወጠራል፤ ያ ውጥረት ቀንና ሌሊት የቺንጊያው ወገን ያለውን ኩሽኔታ ይጎትታል። አንዱ ኩሽኔታ ብቻ ደጋግሞ የሚበላ ሞተር ካለ ቺንጊያውን ጠይቁ።

* * *

ፓምፕ ላይ ደግሞ ጠላቱ ውሃ ነው። በፓምፑና በሞተሩ መካከል ያለው ማኅተም ሲበላ ውሃው መንጠብ ይጀምራል። ብዙ ሰው «ትንሽ ይንጠባጠባል እንጂ ይስባል» ብሎ ይተወዋል። ያ ጠብታ ደለል ይዞ የሞተሩን ፓራኦሊዮ ይበላል፣ ከዚያ ዘይቱ ወተት ይመስላል። ክረምቱን ሙሉ እንዲያ ሆኖ ጎተራ ሥር ያደረ ሞተር ኩሽኔታው ዝጎ ይገኛል። ኩሽኔታ ሲቀየር 25 በ41 በ6 የሆነችው ፓራኦሊዮም አብራ ትቀየር፤ የፓምፑም ማኅተም ይታይ።

* * *

ድምፅ መለየት መማር ያስፈልጋል። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር እኩል የሚወጣና የሚወርድ የማጉረምረም ወይም የማፏጨት ድምፅ የኩሽኔታ ነው። ጋዝ ሲሰጡትና ሲለቁት «ቋ ቋ» የሚል ደረቅ ምት ግን ብዙ ጊዜ የቢዬላ ነው።

በዚህ ሞተር ቢዬላው አሉሚኒየም ነው፤ የክራንክሻፍቱን 30 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ጉልበት በቀጥታ ያቅፋል። በመካከል እንደ መኪና ሞተር ስስ ብሮንዚን የለም፤ ቢዬላው ራሱ ብሮንዚን ነው። ዘይት ሲያጥር ከኳስ ኩሽኔታው ቀድሞ የሚነክሰው እሱ ነው። ስለዚህ «የክራንክ ኩሽኔታ ቀይርልኝ» ተብሎ ሁለት 6205 ገብቶ ቢዬላው ሳይለካ የተዘጋ ሞተር ግማሽ ሥራ ነው። የክራንክሻፍቱ ጉልበት በማይክሮሜትር ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ ይለካ፤ ክብነቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ተበልቶ ከሆነና ሬቲፊካ ቤት ማስጠረብ ከተፈለገ ሆንዳ በ0.25 ሚሊሜትር የጠበበ ቢዬላ አለው። የቢዬላው ብሎን የሚጠብቀው በ12 ኒውተን ሜትር ነው፤ በክንድ ሙሉ ጉልበት አይደለም።

* * *

ትክክለኛው ኩሽኔታ ተገዝቶ በአገጣጠም ይሞታል።

ካርተሩ አሉሚኒየም መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አሉሚኒየም ለእያንዳንዱ ሜትር በአንድ ዲግሪ 23 ማይክሮን ገደማ ይሰፋል፤ የኩሽኔታ ብረት 12 ገደማ። በ52 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ ላይ ካርተሩ ብቻ በ80 ዲግሪ ሲሞቅ 95 ማይክሮን ያህል ነፃነት ይሰጣል። ካርተሩን በእኩል አሙቆ፣ ኩሽኔታውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሮ የሚያስገባ ሰው መዶሻ አያነሳም፤ በጣቱ ገፍቶ ያስገባዋል። የሙቀት መለኪያ ከሌለ ውሃ ጠብ ማድረግ ነው፤ ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላልና ጠብታው ወዲያው ከተንጫጫ በቂ ነው። ነበልባል በቀጥታ አንድ ቦታ ላይ መልቀቅ ግን ካርተሩን ያጣምመዋል።

ኩሽኔታው ራሱ ዘንግ ላይ ለመግባት የሚሞቅ ከሆነ ከ120 ዲግሪ አይለፍ። ፕሬስ ላይ የሚገፋው ደግሞ የሚጠብቀው ቀለበት ብቻ ነው፤ ካርተር ውስጥ ሲገባ የውጭው፣ ዘንግ ላይ ሲገባ የውስጡ። የዚያ የሦስተኛው አሮጌ ኩሽኔታ ጉድጓዶች የመጡት ይህን በመርሳት ነው።

አንድ ሌላ ልማድ አለ። ኩሽኔታውን አጥቦ በኮምፕረሰር አየር እያሽከረከሩ «እዩት እንዴት እንደሚዞር» ማለት። ዘይት የሌለው ኩሽኔታ በዚያ ፍጥነት ሲዞር በሰከንዶች ይቧጨራል፤ ቢፈነዳ ደግሞ ኳሱ ዓይን ያጠፋል። ይህ በየትኛውም ጋራዥ ሊቀር የሚገባው ነገር ነው።

* * *

መቀመጫው የላላ ካርተር ሲመጣ የቀዳዳውን ግድግዳ በቡንጤ ወጋ ወጋ አድርጎ ኩሽኔታውን መልሶ ማስገባት በየቦታው ይታያል። ሲገባ ይጠብቃል፤ የያዘው ግን ጥቂት የተነሡ ጫፎች ናቸው። ጫፎቹ በሳምንታት ውስጥ ይጨፈለቃሉ፣ ኩሽኔታው ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፣ ከመጀመሪያው የባሰ ይሆናል። የቆርቆሮ ቁራጭ ጠቅልሎ ማስገባትም ከዚህ አይሻልም።

ልላቱ በጣም ትንሽ ከሆነ ለኩሽኔታ መያዣ የተሠራ ሎክታይት በንጹሕና በደረቅ ገጽ ላይ ይሠራል። ከዚያ ካለፈ ጎበዝ ቶርኖ ቤት ቀዳዳውን አስፍቶ የብረት ቡሽ ያስገባለታል፤ ሁለቱ መቀመጫዎች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን የሚያውቅ ቶርኖ ቤት ግን መሆን አለበት። ካልሆነ ካርተሩን መቀየር ነው። በዚህ ላይ መቆጠብ የለም።

* * *

እስካሁን የተባለው ለእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ነው፤ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ክራንክሻፍቱ ተጋጥሞ የተሠራ ነው፤ የቢዬላው ኩሽኔታ መርፌ መሳይ ነው፣ ለመቀየር ክራንኩ በፕሬስ ይከፈታል። መልሶ ሲዘጋ በዳያል መለኪያ ካልተስተካከለ የትኛውም የጎን ኩሽኔታ አይቆይም። ዳያል የሌለው ጋራዥ ይህን ሥራ ባይቀበል ይሻላል።

* * *

አሮጌው ለምን እንደሞተ መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም፤ የዛሬው ኤስኬኤፍ የተወለደው ከአንድ የጥገና ሠራተኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው። ስቬን ዊንግኲስት በስዊድኗ ጎተንበርግ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው የቆመው ሸክላ አፈር ላይ ስለነበር ሕንፃው ይንቀሳቀሳል፣ ረጃጅሞቹ ዘንጎች ከመስመር ይወጣሉ፣ ኩሽኔታዎቹ ይሞታሉ። እሱ አሮጌውን በአዲስ መተካቱን ትቶ ለምን እንደሚሞቱ መረመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ራሱን ከዘንጉ ጋር የሚያስተካክል ባለ ሁለት ረድፍ ኳስ ኩሽኔታ ሠራ። ያው ዓመት ኩባንያው ተመሠረተ።

* * *

የታወቀ ስም ያለበት ሁሉ የታወቀው ኩባንያ የሠራው አይደለም። የኩሽኔታ ማስመሰል በዓለም ላይ ያለ ችግር ነው፤ ካርቶኑም ጽሑፉም ተመሳስሎ ይሠራል። «ጽሑፉ ደብዛዛ ከሆነ ሐሰተኛ ነው» የሚለው የድሮ ምክር አይበቃም፤ ሐሰተኛው አንዳንዴ ከእውነተኛው ይበልጥ ያምራል። ኤስኬኤፍ ፎቶ አንሥቶ በስልክ የሚልኩበትና ባለሙያዎቹ አይተው መልስ የሚሰጡበት መተግበሪያ አለው፤ የኩሽኔታ አምራቾች ማኅበርም የራሱ መተግበሪያ አለው። ሞተር በብዛት የሚያወርድ ጋራዥ ይህን ቢለምደው ጥሩ ነው።

እኔ ግን ከታወቀ ስም ሐሰተኛ ይልቅ ስሙን ያልደበቀ፣ ሲ3 ብሎ የጻፈ፣ ክፍት የሆነ መካከለኛ የቻይና ኩሽኔታ እመርጣለሁ። የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ዋሽቷል፤ ስለ ብረቱም ሊዋሽ ይችላል። ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ አዲስ ካርቶን ውስጥ የገባ አሮጌም አለ። የውጭውን ቀለበት በብርሃን ስታዩት ዙሪያውን የተፋተገ ምልክት፣ ጠርዙ ላይ የመንቀያ ጭረት ካለበት መልሱለት።

* * *

ሽንኩርት አፈሩ ደርቆ አይጠብቅም። ሥሩ አጭር ነው፤ የሽንኩርቱ ራስ በሚሞላበት ወቅት ውሃ ቢቋረጥበት ምርቱ ያንሳል፣ ገበሬውም የሚበደረው በዚያን ጊዜ ነው። ሞተሩ ሲቆም የጎረቤት ሞተር ይከራያል፣ ወይም ዘር፣ ማዳበሪያና ጉልበት ያፈሰሰበት ማሳ ሲጠወልግ ያያል። ይህን ሁሉ የያዙት ሁለት ኩሽኔታዎች ናቸው፤ ሞተሩ ውስጥ ካሉት ርካሽ ዕቃዎች መካከል።

ስለዚህ መካኒኮችን የምለምነው ይህ ነው። የገጠማችሁትን ኩሽኔታ ሙሉ ቁጥር፣ አምራቹንም ፊደሉንም ጨምሮ፣ ደረሰኙ ላይ ወይም በማይጠፋ ቀለም ካርተሩ ላይ ጻፉ። ቀኑንም ጻፉ። አሮጌዎቹን ሁለት ኩሽኔታዎች አትጣሉ፤ ለባለቤቱ በእጁ ስጡትና የሞቱበትን ምክንያት ጣታችሁን እላዩ ላይ አድርጋችሁ አሳዩት። ባለቤቶችም ሳይሰጧችሁ ከጋራዡ አትውጡ።